ዘውዱም ሰዓቱም አንድ መደርደሪያ ላይ

ባሕር ዳር ሆቴል ከገባችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። ታንኳ አለ። ጀንበር ስትጠልቅ አለ። ጢስ ዓባይ አለ። ሆቴሉ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ላሊበላ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የፋሲል ግንብና ጀበና አንድ ሸራ ላይ ተጨናንቀው ይጠብቋችኋል። ሥዕሉን የሠራውን ልጅ ብታገኙት አይኮራበትም። "ገበያው የሚፈልገው ይሄን ነው" ይላችኋል። ትንሽ ከተቀራረባችሁ ሌላውንም ይነግራችኋል። ሐሳብ ጠፍቶበታል።

"ሐሳብ ጠፋብኝ" የሚለውን ከሠዓሊም፣ ከገጣሚም፣ ቪዲዮ ከሚሠራውም እሰማለሁ። የሚሰጣቸው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መካሪ "ወደ ሥርህ ተመለስ፣ ባዕድ አትቀላቅል፣ ንጹሑን ባህል ያዝ" ይላል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ "ፒንተረስት ላይ ሞልቶ የለም እንዴ!" ይላል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። ጎጃም ተቀምጦ ሐሳብ ለጠፋበት ሰው የጎደለው ንጹሕ ነገርም ስልክም አይመስለኝም። የጎደለው የተደበላለቀ ነገር ፊት መቆም ነው።

የደብር ዕቃ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በምሥራቅ ጎጃም አንድ ደብር አለ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ጽሑፍ ሌባም ሊያነበው ይችላል። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ቁልፋቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አውጥተው፣ ጓጉንቸሩን አንድ በአንድ ከፍተው አስገቡን። መደርደሪያው ላይ የብር ዘውድ አለ። ከዘውዱ አጠገብ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። ከሰዓቱ ቀጥሎ ድጉሱ የተላጠ ድርሳነ ሚካኤል። ከሥሩ የሸክላ ማጫወቻ ጡሩምባ፣ ያለ ሳጥኑ ብቻውን። የሐር ካባ፣ የተቀደደ ጃንጥላ፣ ከውጭ አገር የመጣ የታተመ የማርያም ሥዕል፣ የሰጎን እንቁላል፣ የጦር ጫፍ። ሁሉም በአቡጀዴ ተጠቅልሏል። አባታችን ዘውዱንም ጡሩምባውንም የሚፈቱት በእኩል ጥንቃቄ ነበር።

"አባ፣ ይሄ ሰዓት ይሠራል?" አልኳቸው።

"ምን ያደርግልናል ልጄ፤ ዶሮ አለን።"

"ታዲያ ለምን አስቀመጡት?"

"የስለት ነዋ!"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያንን ክፍል ማንም በምርጫው አልሰበሰበውም። አንዷ ልጅ አገኘችና ጃንጥላ አስገባች። አንዱ ሹም ከዘመቻ በሰላም ተመለሰና ካባውን ሰጠ። አንዱ ነጋዴ ከሸገር ሰዓት አሸክሞ መጣ። ዕቃዎቹን አንድ ላይ ያመጣቸው ስለት ነው። ስለዚህ እዚያ የሚገባ ሠዓሊ ለእሱ ተብሎ ያልተዘጋጀ ነገር ያያል። ስልክ ይህን አያደርግም። ስልክ ትናንት የወደድከውን ዛሬ በአምስት አባዝቶ ያመጣልሃል። ታንኳ ከወደድክ ዕድሜህን ሙሉ ታንኳ ነው። ከዘውዱ አጠገብ የቆመ ሰዓት የሚያሳይህ ቀን አይመጣም።

ደግሞ የጎጃም ሥዕል የተሠራው ከዚሁ ድብልቅ ነው። ጊዜውና መንገዱ ሲፈቅድላችሁ (አሁን ሁለቱም እንደልብ አይደሉም) ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። ቤቱ ክብ ነው። ቅኔ ማሕሌቱን አልፋችሁ ስትቆሙ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የተሣለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። አስጎብኚው ይቸኩላል፤ እናንተ አትቸኩሉ። ሙሴ ሕዝቡን ሲያሻግር፣ የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ሲበላው የሚያሳየውን ፈልጉ። የሚሰጥሙት ወታደሮች ጠመንጃ ይዘዋል።

ፈርዖን ጠመንጃ አልነበረውም። ሠዓሊው ይህ ጠፍቶት አይመስለኝም። ከፊቱ ግን ጥያቄ ነበረበት። የግብፅ ሠራዊት ሲባል ለሚያየው ሰው ምን ይታየዋል? እኔ ያንን ሥዕል ሳይ ጉንዴትና ጉራ ነው ትዝ የሚሉኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876 የግብፅ ጦር ዘመናዊ መሣሪያ ታጥቆ የመጣባቸው። ሠዓሊው እሱን ያስብ አያስብ የራሴ ግምት ነው። ብቻ ጠመንጃውን ከመጽሐፍ አላገኘውም። አይቶት ወይም ሰምቶት ነው ያስገባው።

ቅዱስ ጊዮርጊስንም እዩት። የልዳ ሰማዕት ነው፤ አገሩ ከዚህ ሩቅ ነው። በእኛ ሥዕል ግን በባዶ እግሩ ተቀምጦ እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ ይረግጣል። የድሮ ያገራችን ፈረሰኛ እንዲህ ነበር የሚጋልበው። ፈረሱ ተሸልሟል። ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ያ ሽልማት ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከሩቅ የመጣ ቅዱስ በአገር ፈረስ ላይ ተቀመጠ፤ ዛሬ ባዕድ ነው የሚለው የለም።

"ንጹሑን ያዝ" ለሚሉት ወዳጆቼ አንድ ታሪክ አለኝ። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አገራችን መጥቶ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ሥራዎቹ ጎጃም ውስጥም ተገኝተዋል። ይህ ሰው ወሎ፣ አትሮንሰ ማርያም ላይ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው ሕዝቡ ተቆጣ። ጌታን እንዴት በግራ እጅ! ነገሩ እውነት ነው፤ በእኛ አገር ግራ እጅ ዕቃ እንኳ አይቀበሉበትም።

ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መጡና ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የማርያም ሥዕል ቅጂ ይዘው ገቡ። በዚያች ሥዕል ላይ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል፣ መሐረብ ይዛለች፣ ልጇ ያለው በግራ ክንዷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አባረራቸው። ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ደጋግመው ሣሏት፣ ዓይኗን አጎሉት፣ ልብሷን ቀየሩት። ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላት እሷ ናት። ጎጃም ውስጥ እሷ የሌለችበት መቅደስ ፈልጋችሁ አታገኙም። የግራው ክንድስ? ሊቃውንቱ መዝሙረ ዳዊትን ጠቅሰው ይፈቱታል። "ንግሥት በቀኝህ ትቆማለች" ይላልና፣ ልጇ በግራዋ ሲሆን እሷ በቀኙ ትሆናለች። ለእኔ ይህ ትርጓሜ ከሥዕሉ አያንስም። አንድ ዘመን ያስቆጣውን ነገር ሌላው ዘመን ቤተኛ አደረገው፤ ለዚያውም በዳዊት።

መርጡለ ማርያምን በሁለት መስመር ልለፋት። እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ነው። እሌኒ የሐድያ ባላባት ልጅ እንደነበረች ይነገራል፤ ተወልዳ ያደገችው በእስልምና ነው። በዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገባች፣ ጎጃም ውስጥ ርስት ያዘች፣ በግዕዝ ድርሰት ደረሰች፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ላከች። ቤተ ክርስቲያኗ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሚሲዮናውያኑ እጅ እንደገና ተሠራ። ፍርስራሹ ዛሬም አለ፤ ድንጋዩ ላይ አበባ ተፈልፍሏል። ይህን ሁሉ አጥርታችሁ "ንጹሑን" አውጡልኝ እስቲ።

ይሁን እንጂ መደባለቅ ብቻውን ሥራ አይሆንም። የሆቴሉ ሥዕልስ ድብልቅ አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ነው። ላሊበላና ፋሲል ግንብ ጎን ለጎን ቆመዋል። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይነካውም። ጀበናው ሐውልቱን ምንም አይለውም። ሠዓሊው "ሁሉም ይኑርበት" ተብሎ ነው የሠራው፤ ሁሉም አለበት። በዘጌው ሥዕል ግን ጠመንጃው ከባሕሩ ጋር ጉዳይ አለው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ እዚያ የሚያጣላ ነገር አለ።

ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አገራችን ውስጥ አለን። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ሲነሣ ደበሎውን ደርቦ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ቢሆን፣ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስም ቢሆን ሰም ይፈልጋል። ሰሙን ከየትም ያመጣዋል። ከሚያርስ በሬ፣ ከወፍጮ ድንጋይ፣ በድንበር ከተጣሉ ጎረቤታሞች። ወርቁ ደግሞ ከመጽሐፍ ነው። በሬውና ነቢዩ አንድ ቃል ላይ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ቅኔ የለም። ማታ ሲመለስ ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው "አይሆንም" ካለ፣ ቀኑን ሙሉ የለፋበት ነገር ተጣለ ማለት ነው። ነገ ሌላ ይቆጥራል።

ተማሪው ሰሙን የሚያገኘው የት ይመስላችኋል? ልመና ላይ። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ሲቆም የሀብታሙንም የድሃውንም ቤት ያያል። አኩፋዳው ውስጥ የጤፍ ኩርማን፣ የዳጉሳ ቂጣና የባቄላ ቆሎ ይደባለቃሉ፤ ዓይኑም እንደ አኩፋዳው ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ ወንበር ነው የተነሣው። ደብረ ኤልያስ ተወልዶ ቅኔ ተማረ፣ አዲስ አበባ ወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተውኔት ደራሲዎቻችን አንዱ ሆነ። ቅኔውን አልጣለውም። ይዞት መድረክ ላይ ወጣ።

ዕቃ ቤት መግባት ያልቻለ ሰው ደግሞ ገበያ ይውጣ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ሰፌድ የምትሸጥ ሴት አየሁ። ከአክርማው መሐል ነጭና ሰማያዊ መስመር አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው የማዳበሪያ ጆንያ ክር ነው። ጆንያውን ተርትራ፣ ክሩን በሁለት በሁለት ገምዳ፣ ከሣሩ ጋር አብራ ሰፍታዋለች። የክሩ ጫፍ በሰፌዱ ዳር ላይ ተቆርጦ በእሳት ተለብልቧል፤ እንዳይተረተር ነው። አብራኝ የነበረች ወዳጄ "ምን ዋጋ አለው፣ አበላሸችው" አለች። ሴትየዋ ሰማቻት።

"ሣሩን አምጪልኝና በሣር ልስፋልሽ እቴ! ሜዳው ሁሉ ታርሶ የለም ወይ?"

መልስ የለንም። ሰፌዱን ገዛሁት። ለእኔ ያ ሰማያዊ መስመር ስለ ጎጃም እርሻ ብዙ ይናገራል። ሜዳው ታረሰ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ሣሩ ሄደ፣ ጆንያው በሣሩ ቦታ ገባ። ይህን በአንድ ሸራ ላይ የሚያሳይ ሠዓሊ ቢገኝ ሆቴሎቹ ባይገዙት እኔ እገዛዋለሁ። በርካሽ ከሆነ።

ሙዚቀኛ ለሆናችሁ ደግሞ ሌላ አለ። ዘጌ ውስጥ ደወሉ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሁለቱን ድምፅ ቀድቶ አንድ ሥራ ውስጥ ያስገባ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ማሲንቆን ከኪቦርድ ጋር ያጋጠመ ግን ሞልቷል፤ እሱስ ይበቃናል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ቅርስ ሲደራጅ መጀመሪያ የሚደረገው መለየት ነው። ዘውድ ከዘውድ ጋር፣ መስቀል ከመስቀል ጋር፣ ብራና ከብራና ጋር። ለምዝገባ ጥሩ ነው። ሰዓቱና ጡሩምባው ግን "ይሄ ቅርስ አይደለም" ይባሉና ወደ ጓዳ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ጣሪያ ሥር። ከዚያ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። የሚቀረው መስታወት ውስጥ የተደረደረ የመስቀል ሰልፍ ነው። ያምራል። ግን ከምድር የመጣ አይመስልም። ያንን ዕቃ ማን፣ በምን ጭንቀት፣ ምን ተስሎ እንዳመጣው የሚነግረን አጠገቡ የነበረው ጃንጥላ ነበር።

ካህናቱ ዕቃ ቤቱን ለሁሉ አይከፍቱም። አልወቅሳቸውም። ሥዕልና ብራና ተሰርቆ በውጭ አገር ገበያ ሲሸጥ ስንት ጊዜ ሰማን? እኔም የደብሩን ስም የደበቅሁት ለዚሁ ነው። ነገር ግን መደበቅ ብቻውን አያድንም። ፎቶው በግልጽ የወጣ፣ የተመዘገበ ዕቃ ለሌባም ለመሸጥ ያስቸግረዋል። የማይታወቀው ነው ተሰርቆ ሳይወራ የሚቀረው።

ደግሞም ነገሩ ለሁሉም አልተደበቀም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጀርመን የመጡ ተመራማሪዎች የጣና ደሴቶችን ብራናዎች ፎቶ አንስተዋል፤ ክብራን ገብርኤልም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በየአገሩ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ያኔ ባይነሡ ኖሮ የጠፉት ጭራሽ ይጠፉ ነበር። ግን ሚኒሶታ ያለ ተማሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያየውን፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ሥዕል የሚማር ልጅ ሰምቶትም አያውቅ።

ክብራንን ካነሣሁ አይቀር፣ ወንጌሉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተሣለ ነው። በእኔ ዓይን ከአገራችን የብራና ሥዕሎች ከሚደነቁት አንዱ ነው። ደሴቱ ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ነው። ሴት ግን አትገባም። የገዳሙን ሥርዓት ለማስለወጥ አልጽፍም፤ የአባቶች ጉዳይ ነው። ሆኖም ባሕር ዳር ተወልዳ ሥዕል የምትሠራ ልጅ፣ ደሴቱን ከውኃው ዳር እያየች፣ የወንጌሉን ሥዕሎች በሕይወቷ ላታይ ነው? በቀለም የታተመ ሙሉ ቅጂ ከተማው ውስጥ ቢቀመጥላት ገዳሙ ምን ይጎድልበታል? ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ክፍል፣ ጥሩ ማተሚያና ከአባቶች ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ትዕግሥተኛ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛው ሳይከብድ አይቀርም።

ክፍሉ ከተገኘ አንድ ልመና አለኝ። የወንጌሉን ቅጂ ብቻ አታስገቡ። ባለ ጆንያ ክሩን ሰፌድ አጠገቡ ስቀሉት። ቸርኬውንም አምጡት፣ ልጆች ከሽቦ የሚሠሩትን መኪናም፣ ከእንጅባራ የቀርከሃ ወንበርም። ልጆቹ ቸርኬውን መትተው እንዲሰሙት ፍቀዱላቸው። የጥበቃ ሠራተኛው "ኧረ ዝም በሉ!" ይል ይሆናል። ይበል።